ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ፒያኖ ስለማመድ አውራ ጣቴ ሥር ያመኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ከአራት ወር በፊት ኪቦርድ ገዝቼ ፒያኖ መማር ጀመርኩ። አሁን በትዝታ ቅኝት ቶሎ ቶሎ የሚወርዱትን ማስጌጫዎች እየተለማመድኩ ነው። ማታ ከሥራ ስመለስ አልጋ ላይ ተቀምጬ፣ ኪቦርዱን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ሁለት ሰዓት እጫወታለሁ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ቀኝ አንጓዬ በአውራ ጣት በኩል ያመኛል። ጀበና ማንሳት እንኳ አቃተኝ። አስተማሪዬ «እጅሽ እስኪለምድ ነው» ይለኛል። ልቀጥል?

መልስ፦ እንዲህ አይቀጥሉ። አስተማሪዎን አከብራለሁ፣ ግን ጀበና የማያስነሳ ሕመም የመልመድ ምልክት አይደለም።

ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ዋና ጡንቻዎች ያሉት ከክርን በታች፣ ክንድ ላይ ነው። ጣቱን የሚስቡት በረጅም ጅማት ነው። የአውራ ጣት ሁለት ጅማቶች አንጓ ላይ በአንድ ጠባብ ሽፋን ውስጥ ያልፋሉ። እዚያ ብዙ ከተፋተጉ ሽፋኑ ይወፍራል፣ መንገዱ ይጠብባል። በሽታው ደ ኬርቫን ይባላል። ሕፃን በሚያነሱ እናቶች ላይም እናየዋለን።

ትዝታ ደግሞ ለአውራ ጣት ከባድ ነው። አምስት ድምፅ ብቻ ስላለው በመካከል ሰፊ ክፍተት አለ። አውራ ጣት በሌሎቹ ጣቶች ሥር ሲሾልክ ከተራው ባለ ሰባት ድምፅ ስኬል (የድምፅ መሰላል) ይልቅ ርቆ መሄድ አለበት። በዚያ ላይ አልጋው ዝቅ ይላል፤ አንጓዎ ታጥፎ ነው የሚሮጠው።

እስቲ አውራ ጣትዎን መዳፍዎ ውስጥ አስገብተው ይጨብጡ። ጭብጡን ቀስ ብለው ወደ ትንሿ ጣት ያዘንብሉ። አንጓዎ ላይ ያችው ቦታ «ዋይ!» ካሰኘችዎ ጥርጣሬዬ ይጠናከራል። ይህም ቢሆን ሐኪም በእጁ ዳስሶ ሲያይ ነው የሚረጋገጠው።

ለሁለት ሦስት ሳምንት ፈጣኑን ይተዉት። አውራ ጣትን ጭምር የሚደግፍ ማሰሪያ ይጠቀሙ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው አሥር ደቂቃ ይያዙበት። አይቡፕሮፌን ይረዳል፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት ካመመዎት፣ ወይም እርጉዝ ከሆኑ ግን ሳይጠይቁ አይውሰዱ። ወጌሻ ጋ ሄደው አይታሹ፤ የተቆጣ ጅማት ሲታሽ ይብሳል። ካልተሻለ በቦታው የሚሰጥ መርፌ አለ፤ ብዙ ሰው ይድንበታል።

ወደ ፈጣኑ ሲመለሱ ክርንዎ ከኪቦርዱ ጋር እኩል የሚሆንበት ወንበር ይፈልጉ። ማስጌጫውን አራት አራት ኖታ እየቆረጡ፣ በዝግታ ይጫወቱ። አውራ ጣት ሲሾልክ ክንድዎም አብሮ ይሂድ። በየሃያ ደቂቃው እረፍት ያድርጉ፤ በእረፍቱ ስልክ መነካካት አይቆጠርም! ፒያኒስቷን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ሰምተው ጓጉተው ከሆነ፣ እሳቸው በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ሙዚቃ የተማሩ ናቸው። እርስዎ ገና አራት ወርዎ ነው።

ሌሊት ጣቶችዎ እየደነዘዙ የሚቀሰቅስዎ ከሆነ ወይም ስኒ ከእጅዎ የሚወድቅ ከሆነ፣ ያ የነርቭ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ሦስቱን ሳምንት አይጠብቁ። አንጓዎ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ትኩሳት ከመጣ ደግሞ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ።