ጎማው መሬት ስለነካ በረራው አያልቅም

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብቻሽን ስትበሪ የጎን ነፋስ ትንሿን አውሮፕላን፣ ሴስና 172ን፣ ከማኮብኮቢያው አውጥቶ ሣሩ ላይ ጣለው። የክንፉ ጫፍ ተጎዳ፣ አንቺ ግን ደህና ነሽ። እሰይ፣ እንኳን ተረፍሽ! የጠየቅሽኝ ሁለት ነገር ነው፤ «ሙያው ለእኔ አይሆንም ማለት ነው? ሥራ ስፈልግስ ልናገረው ወይስ ዝም ልበል?»

መልሱ ያለው አንቺው በጻፍሽው ውስጥ ነው። «ጎማው መሬት ሲነካ እፎይ ብዬ መሪውን ለቀቅ አደረግኩት» ብለሻል። ችግሩ እዚያች እፎይታ ላይ ነው። ትንሽ አውሮፕላን መሬት ላይም ሆኖ ነፋስ ይገፋዋል። የጅራቱ ቋሚ ክንፍ ነፋሱን ሲቀበል አፍንጫው ወደ ነፋሱ ይዞራል። ፍጥነቱ በቀነሰ ቁጥር ደግሞ ራደሩ (በፔዳሉ የሚታዘዘው የጅራቱ ተንቀሳቃሽ ክፍል) እና ኤይለሮኑ (በመሪው የሚታዘዘው የክንፉ ተንቀሳቃሽ ክፍል) ጉልበት ያጣሉ። ስለዚህ መሪውን ነፋሱ ወደሚመጣበት ጎን እያዞርሽ መሄድ አለብሽ፤ ፍጥነቱ ሲያልቅ መሪውም እስከ መጨረሻው ዞሮ መገኘት አለበት። እግርሽም ከፔዳሉ አይላላ። ከማረፍሽ በፊት በነፋሱ በኩል ያለውን ክንፍ ዝቅ አድርጊ፤ በተቃራኒው ፔዳል አፍንጫውን ከማኮብኮቢያው መስመር ጋር ቀጥ አድርገሽ ያዢ። ያኔ በነፋሱ በኩል ያለው ጎማ ቀድሞ ይነካል። ልክ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት።

ቁጥሩንም ልመዱት ስል አልታክትም። 20 ኖት (ኖት የፍጥነት መለኪያ ነው) ነፋስ ከማኮብኮቢያው 30 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ቢመጣ፣ ከጎን የሚገፋሽ 10 ኖት ነው። 60 ዲግሪ ሲሆን ግን 17 ገደማ ይደርሳል። በአውሮፕላንሽ መመሪያ ላይ ያለው 15 ኖት፣ አውሮፕላኑን የሚፈትሽ ባለሙያ አብራሪ ማረፍ እንደሚቻል ያሳየበት የጎን ነፋስ ነው። ለጀማሪ የተሰጠ ዋስትና አይደለም። ያንቺን ገደብ ከአስተማሪሽ ጋር ተነጋግረሽ አሳንሰሽ ጻፊው። እሱን ካለፈ፣ ወይም ከመንካትሽ በፊት አፍንጫው አልቀናም ካለሽ፣ ጋዝ ሰጥተሽ ተነሺ። ጎ አራውንድ፣ ማለትም ማረፉን ትቶ እንደገና መነሳት፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ወደ ሥራው ልምጣ። አትደብቂው! ማመልከቻው ላይ ከተጠየቅሽ እውነቱን ጻፊ። የተደበቀ ነገር በኋላ ከመዝገብ ሲወጣ፣ አሠሪው የሚያየው ክንፉን ሳይሆን ውሸቱን ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ «ነፋሱ ነው» አትበይ። እንዲህ በይ፦ «ከነካሁ በኋላ መሪውን ለቀቅኩ። ለአስተማሪዬ ያኑ ቀን ነገርኩ። ከዚያ ከእሱ ጋር በጎን ነፋስ ደጋግሜ አረፍኩ።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ግን ሦስተኛው እውነት እንዲሆን መጀመሪያ ሠርተሽው መገኘት አለብሽ። ልምምዱን በሎግቡክሽ (በበረራ መዝገብሽ) ላይ ለይተሽ መዝግቢ።

ልተወው ላልሽው፣ በዚህ ሳምንት አትወስኚ። ከአስተማሪ ጋር ደጋግመሽ በረሽም ፍርሃቱ ካልለቀቀሽ፣ ያኔ ስለ በረራ ቁጥጥርና ስለ ጥገና ሥራ እናወራለን።

እስከዚያው ነፋስ የበዛበት ቀን ሲመጣ ትምህርቱን አትሰርዢ። አስተማሪሽ ጋ ደውዪና «ዛሬ አብረን እንብረር» በይው። እንዴት እንደሄደልሽም ጻፊልኝ።