ለጥያቄው መልስ፦ የፖድካስት ክፍሎችን በየሌሊቱ ስለሚያወርድ ስክሪፕት

ጠያቂያችን ያቀረቡት ችግር ባጭሩ ይህ ነው። የሰባት ፖድካስቶችን የፊድ (የክፍሎቹ ዝርዝር የሚወጣበት ፋይል) አድራሻ በፓይተን ስክሪፕት ውስጥ ጽፈው አዳዲስ ክፍሎች በየሌሊቱ እንዲወርዱ አድርገዋል፤ ነገር ግን አዳምጠው የሰረዟቸው ክፍሎች በማግስቱ ተመልሰው ይመጣሉ፤ አንዳንዱ ፋይል መሃል ላይ ይቆረጣል፤ አዲስ ፖድካስት ለመጨመር በፈለጉ ቁጥርም ኮዱን ከፍተው መነካካት ግድ ሆኖባቸዋል። እኔ አዲስ አበባ ቤቴ ውስጥ በተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ተመሳሳይ ስክሪፕት ሳስኬድ አምስት ዓመት ያህል ሆኖኛል፤ እርስዎ የጠቀሷቸው ሦስቱም ችግሮች በእኔም ላይ ደርሰዋል። መልሴን የማስረዝመው ችግሮቹ በአንድ መስመር ኮድ የሚስተካከሉ ስላልሆኑ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ፋይል ማውረድ የዚህ ሥራ ቀላሉ ክፍል ነው፤ በፓይተን ከአሥር መስመር አይበልጥም። ከባዱ ስክሪፕቱ ትናንት ያደረገውን ዛሬ እንዲያስታውስ ማድረግ ነው። የእርስዎ ስክሪፕት፣ ከገለጻዎ እንደተረዳሁት፣ የሚያስታውሰው ነገር የለውም፤ ፎልደሩን አይቶ ፋይሉ ከሌለ ያወርዳል። አዳምጠው ሲሰርዙት ፋይሉ ስለማይኖር፣ እንዳልወረደ ቆጥሮ እንደገና ያመጣዋል። የእኔም የመጀመሪያ ስክሪፕት የተሠራው እንዲሁ ነበር።

መፍትሔው ከድምፅ ፋይሎቹ የተለየ መዝገብ ማስቀመጥ ነው። ፊድ አርኤስኤስ በሚባለው ሥርዓት የሚጻፍ የኤክስኤምኤል ጽሑፍ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ርዕሱን፣ የወጣበትን ቀን፣ ጂዩአይዲ የሚባለውን መለያና ኢንክሎዠር የሚባለውን መስክ ይይዛል፤ የድምፅ ፋይሉ አድራሻ፣ መጠንና ዓይነት ያለው በዚህ በኢንክሎዠር ውስጥ ነው። ኢንክሎዠር ወደ አርኤስኤስ የገባው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ፖድካስት የሚለው ስያሜ ደግሞ የተሰማው በ2004 ስለሆነ ቴክኒኩ ስሙን በአራት ዓመት ይቀድመዋል። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ጂዩአይዲው ነው። አንድ ክፍል ሙሉ በሙሉ ወርዶ ሲያልቅ ጂዩአይዲውን፣ የፊዱን ስምና ቀኑን በመዝገቡ ይጻፉ፤ በቀጣዩ ሌሊት ስክሪፕቱ የሚጠይቀው ፎልደሩን ሳይሆን መዝገቡን ይሁን። ለመዝገቡ እኔ ኤስኪውላይት የሚባለውን አነስተኛ የመረጃ ቋት እጠቀማለሁ፤ ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚመጣ ሌላ የሚጫን ነገር የለም። ለሰባት ፊድ ግን ተራ የጽሑፍ ፋይልም ይበቃል።

የድምፅ ፋይሉን አድራሻ እንደ መለያ እንዳይወስዱ አደራ እላለሁ። አድራሻው ብዙ ጊዜ በአድማጭ ቆጣሪ ድርጅቶች በኩል እየዞረ የሚያልፍ ስለሆነ፣ አዘጋጁ ቆጣሪ በቀየረ ቁጥር አብሮ ይለወጣል። በአድራሻ እመዘግብ በነበረበት ጊዜ አንድ ፖድካስት ይህንን አደረገና፣ ጠዋት ስነሳ በሙሉ ሰምቼ የጨረስኳቸው ክፍሎች እንደ አዲስ ተደርድረው ጠበቁኝ። ጂዩአይዲም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ፖድካስቱ ከአንድ አስተናጋጅ ወደ ሌላ ሲዛወር አንዳንዴ መለያዎቹ ሁሉ ይቀየራሉ፤ ጂዩአይዲ ጨርሶ የማይጽፉ ፊዶችም አጋጥመውኛል። ስለዚህ ሁለተኛ አጥር አበጅቻለሁ፤ ክፍሉ መዝገቡ ላይ ባይኖርም፣ የወጣበት ቀን ከዚያ ፊድ መጨረሻ ካወረድኩት ክፍል ቀን ከአንድ ሳምንት በላይ ወደኋላ ከሆነ ስክሪፕቱ አያወርደውም፤ ርዕሱን በማስታወሻ ጽፎልኝ ያልፋል።

የመጀመሪያው ሌሊት ለብቻው መታሰብ አለበት። ባዶ መዝገብ ማለት ሁሉም ክፍል አዲስ ነው ማለት ነው። አንዳንድ ፊዶች የቅርብ ጊዜዎቹን ጥቂት ክፍሎች ብቻ ሲያሳዩ፣ ሌሎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለውን ሁሉ ይዘረዝራሉ። እኔ ከ300 በላይ ክፍሎች ያሉትን አንድ የታሪክ ፖድካስት ሳላስብ ጨምሬ ተኛሁ፤ እያንዳንዱ ክፍል በአማካይ 40 ሜጋባይት ያህል ስለነበር ሁሉም ሲደመር ወደ 12 ጊጋባይት ይጠጋ ነበር፤ የወሩ ፓኬጄ ግን ከዚያ በፊት አለቀ። (ስሌቱን ለራስዎ መሥራት ከፈለጉ፣ በ128 ኪሎቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ 58 ሜጋባይት፣ በ64 ኪሎቢት የተቀዳው ደግሞ የዚያን ግማሽ ይሆናል።) አሁን አዲስ ፊድ ስጨምር ስክሪፕቱ የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች ብቻ አውርዶ፣ የቀሩትን ሳያወርድ እንደወረዱ አድርጎ ይመዘግባቸዋል። የቆየ ክፍል ካማረኝ በእጄ አወርዳለሁ።

ወደ ማዋቀሪያው ፋይል ልለፍ። በዓመት ውስጥ የሚለዋወጠው ነገር ሁሉ ከኮዱ መውጣት አለበት፤ እርሱም አድራሻ፣ የክፍሎች ብዛት፣ የማቆያ ጊዜ፣ የፎልደር ስምና የመሳሰለው ነው። ከፓይተን ጋር የሚመጣው ኮንፊግፓርሰር የሚባለው ሞጁል ለዚህ በቂ ሲሆን፣ ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 (የግዕዝን ፊደል ጭምር በሚይዘው የጽሑፍ ኮድ) መከፈቱን ካረጋገጡ ቁልፎቹን በአማርኛ መጻፍም ይቻላል። የእኔ ፋይል ይህን ይመስላል፦

[ጠቅላላ]
የመጨረሻዎቹ = 2
ማቆያ ቀን = 30
ያውርድ = 1

[የጠዋት ዜና]
አድራሻ = የፊዱ ሙሉ ሊንክ
ማቆያ ቀን = 3

[የታሪክ ወግ]
አድራሻ = የፊዱ ሙሉ ሊንክ
የመጨረሻዎቹ = 5
ያውርድ = 0

ጠቅላላ የሚለውን ክፍል የነባሪ ዋጋዎች መያዣ አድርጌ ስላስተዋወቅሁት፣ በየፊዱ ሥር ያልተጻፈው ሁሉ ከእርሱ ይወረሳል። ዜና ከሦስት ቀን በኋላ ስለማይሰማ ስክሪፕቱ ራሱ ይሰርዘዋል፤ መዝገቡ ላይ ግን ስሙ ይቀራል። ያውርድ የሚለውን ዜሮ ማድረግ ፊዱን ሳያጠፉ ለጊዜው ማሳረፍ ነው፤ ፓኬጅ ሲያጥረኝ የምነካው ይህንን ብቻ ነው። አንድ ወጥመድ ላስጠንቅቅዎ፤ ኮንፊግፓርሰር የፐርሰንት ምልክትን በተለየ ትርጉም ስለሚወስደው፣ በአድራሻው ውስጥ ፐርሰንት ያለበት ፊድ ሲያጋጥመው ስህተት አውጥቶ ይቆማል። ኢንተርፖሌሽን የሚባለውን ባሕርይ ሲያጠፉት ችግሩ ይወገዳል። ይህን እስካውቅ ድረስ ጥፋቱ የፊዱ መስሎኝ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አባክኛለሁ። ያምል የሚባለውን ሌላ የማዋቀሪያ ፋይል አጻጻፍ የሚመርጡ አሉ፤ እኔ ግን በአንድ የተሳሳተ ባዶ ቦታ ትርጉሙ የሚለወጥ ፋይል ሌሊት ብቻውን ለሚሠራ ነገር አላምነውም።

ፊዱን ለማንበብ ፊድፓርሰር የሚባለውን የፓይተን ላይብረሪ ይጠቀሙ። አድራሻዎቹን በግሬፕ (ጽሑፍ በሚፈልገው ትእዛዝ) ከጽሑፉ መንጭቆ ማውጣት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ ፊድ ነጠላ፣ ሌላው ድርብ ትምህርተ ጥቅስ ይጠቀማል፤ በአድራሻው ውስጥ ያለው የአምፐርሳንድ (&) ምልክትም በኤክስኤምኤል ውስጥ የሚጻፈው በሌላ መልክ ስለሆነ፣ እንዳለ የተወሰደ ሊንክ አይከፈትም።

አሁን መሃል ላይ ስለሚቆረጡት ፋይሎች። ኔትወርክ ሲቋረጥ ወይም መብራት ሲጠፋ የወረደው ግማሽ ፋይል በእውነተኛ ስሙ ከተቀመጠ፣ ሙሉውን ከጎደለው የሚለይበት መንገድ አይኖርም። ስለዚህ በሚወርድበት ጊዜ በስሙ መጨረሻ ላይ ያልተጠናቀቀ መሆኑን የሚያሳይ ቅጥያ ይኑረው፤ ሲያልቅ ብቻ ስሙ ይቀየር፤ ከስም ለውጡ በኋላ ይመዝገብ። ቅደም ተከተሉ ይህ መሆን አለበት፤ አስቀድሞ ከተመዘገበና መብራት ከሄደ ያ ክፍል ለዘለዓለም ይቀራል። ጊዜያዊው ፋይልም በዚያው ዲስክ ላይ ይሁን፤ በሌላ ዲስክ ላይ ከሆነ ስም መቀየሩ ወደ ቅጂነት ስለሚለወጥ ቅጂው ራሱ መሃል ላይ ሊቋረጥ ይችላል።

የተቋረጠውን ካቆመበት መቀጠል ብዙዎች የሚመክሩት ነው፤ ከርልና ዊጌት የሚባሉት የማውረጃ ትእዛዞችም ይህን ያደርጋሉ። በራስዎ ኮድ የሚያደርጉት ከሆነ ግን የሰርቨሩን መልስ ቁጥር ይመልከቱ፤ 206 ካለ ከጠየቁት ቦታ ጀምሮ እየላከ ነው፤ 200 ካለ ግን ጥያቄውን ችላ ብሎ ከመጀመሪያው እየላከ ስለሆነ፣ በግማሹ ላይ ቢቀጥሉት የተበላሸ ፋይል ያገኛሉ። ከዚህም የረቀቀ ችግር አለ። በርካታ የንግድ ፖድካስቶች ማስታወቂያውን በሚወርድበት ሰዓት ስለሚያስገቡ፣ ዛሬ ማታ የሚወርደውና ነገ የሚወርደው ፋይል አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የትናንቱን ግማሽ በዛሬው ግማሽ ሲቀጥሉት፣ ተናጋሪው አንድን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ሲል ወይም መሃሉን ሲዘል ይሰማሉ። በዚሁ ምክንያት በፊዱ ውስጥ የተጻፈው መጠን ከወረደው ጋር ስላልገጠመ ብቻ ፋይሉን ተበላሸ አይበሉት፤ ማመሳከሪያ የሚሆነው በዚያ ሰዓት ሰርቨሩ ራሱ የላከው መጠን ነው። እኔ መቀጠሉን ትቼዋለሁ፤ የተቋረጠውን ሰርዤ እስከ ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ እሞክራለሁ። ኔትወርክዎ ደካማ ከሆነና ክፍሎቹ ረጃጅም ከሆኑ ግን ውሳኔው ሊለይ ይችላል።

ስለ ፋይል ስም አንድ እኛን በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። በሊኑክስ የተለመዱት የፋይል ሥርዓቶች ለአንድ ስም የሚፈቅዱት 255 ባይት ነው፤ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ የአማርኛ ርዕስ 85 ፊደል ላይ ያበቃለታል፤ ቀኑ፣ ቅጥያውና ጊዜያዊ ምልክቱ ሲቀነሱ ደግሞ ከ80 በታች ይሆናል። የእንግዳውን ሙሉ ስምና ማዕረግ በርዕስ የሚጽፍ አንድ ፖድካስት ስክሪፕቴን ደጋግሞ የጣለው በዚህ ነበር። አሁን 70 ፊደል ላይ እቆርጣለሁ፤ መቁረጡ በፊደል ይሁን እንጂ በባይት አይሁን፤ አለዚያ የመጨረሻው ፊደል ተሰንጥቆ የማይነበብ ስም ይፈጠራል። በፍላሽ ወደ መኪና የሚወስዱት ከሆነ የጥያቄ ምልክትን፣ የላቲኑን ሁለት ነጥብ፣ ኮከብንና የመሳሰሉትን ከስሙ ያስወግዱ፤ የፍላሽ የፋይል ሥርዓቶች አይቀበሏቸውም። ቀኑን ከፊት በዓመት፣ ወር፣ ቀን ቅደም ተከተል ካስቀመጡት ተጫዋቹ በፊደል ተራ ሲደረድር በጊዜ ተራ ይሆንልዎታል። ፊድፓርሰር ቀኑን የሚያቀርበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ ሦስት ሰዓት መጨመር አይዘንጉ፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የወጣ ክፍል አለዚያ በትናንት ቀን ይሰየማል።

ሰዓትን ካነሳሁ፣ በክሮን (ሥራዎችን በተያዘላቸው ሰዓት በሚያስነሳው የሊኑክስ ፕሮግራም) ውስጥ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚጻፈው 2 ተብሎ ነው። ጓደኛዬ 8 ብሎ ጽፎ፣ ሥራ በሚገባበት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ኢንተርኔቱ ለምን እንደሚንቀራፈፍ ለሁለት ሳምንት ግራ ሲገባው ቆይቷል። ክሮን ኮምፒውተሩ በተባለው ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ ያለፈውን ሥራ አይመልስም፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር አናክሮን፣ ወይም ያመለጠውን ሲነሳ እንዲያስኬድ የታዘዘ የሲስተምዲ ታይመር ይሻላል። የትናንቱ ሳይጨርስ የዛሬው እንዳይጀምርና ሁለቱ አንድ ፋይል ላይ እንዳይጽፉ ፍሎክ በሚባለው የመቆለፊያ ትእዛዝ ይቆልፉት።

በእጅ ሲያስኬዱት የሚሠራው በክሮን ሲሆን የሚወድቅ ከሆነ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ክሮን የእርስዎን የአካባቢ ተለዋዋጮች (ፕሮግራሞች የት እንዳሉና የመሳሰለውን የሚይዙ ቅንብሮች) የማያውቅ መሆኑ ነው። የፓይተንንና የማዋቀሪያውን ፋይል ሙሉ መንገድ ይጻፉ። በቆዩ የፓይተን ዕትሞች ላይ ደግሞ የአማርኛ ርዕስ ወደ ማስታወሻ ፋይል ሲጻፍ ብቻ ስክሪፕቱ ሊወድቅ ይችላል፤ ክሮን ዩቲኤፍ 8ን ስላላወጀለት ነው። ከፓይተን 3.7 ጀምሮ ይህ በእጅጉ ተቃልሏል።

የቀሩት ጥቃቅን ናቸው። ፊዱ ካልተለወጠ ሰርቨሩ 304 (አልተለወጠም) ብሎ ብቻ እንዲመልስ ኢታግ የሚባለውን ምልክት አስቀምጠው በቀጣዩ ጥያቄ ይላኩ፤ ፊድፓርሰር ይህን ይደግፋል፤ ረጅም ፊድ ራሱ ብዙ ሜጋባይት ሊሆን ስለሚችል ለፓኬጅዎ ይጠቅማል። ሰርቨሩ 403 (ተከልክሏል) ብሎ ከመለሰ ፓይተን ራሱን ለሰርቨሩ የሚያስተዋውቅበትን ነባሪ መጠሪያ ስለማይወድ ሊሆን ይችላል፤ ለስክሪፕትዎ የራሱን ስም ይስጡት። ኮድ መጻፉ ከሰለቸዎ ጂፖደርና ፖድጌት የሚባሉት ፕሮግራሞች ይህን ሥራ ያውቁታል፤ በተለይ ፖድጌት የፊዶቹን ዝርዝር በተለየ ፋይል የሚይዝ የባሽ ስክሪፕት ስለሆነ፣ ባይጠቀሙበት እንኳ ኮዱን ማየት ያስተምራል። ከሰባቱ መካከል በክፍያ የሚያዳምጡት ፖድካስት ካለ ደግሞ አድራሻው ውስጥ የእርስዎ የግል ቁልፍ አለበትና፣ ስክሪፕቱን ለሌሎች ሲያጋሩ የማዋቀሪያውን ፋይል አያያይዙ፤ በኮምፒውተርዎም ላይ ከእርስዎ ሌላ ማንም እንዳያነበው ፈቃዱን ይገድቡ።