የ"በ" እግር ሲረዝም፦ ፊደልና የውሃ ቀለም ለምትጀምሩ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ሥዕል በማስተማር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከክፍል ሥራዎች ሁሉ አንዱን አብልጬ እወዳለሁ። ተማሪው አንድ ቃል ይመርጣል፤ በእጁ አሳምሮ ይጽፈዋል፤ ከዚያ በውሃ ቀለም ያደምቀዋል። ወረቀት፣ ብሩሽ፣ ጥቂት ቀለምና አንድ ብርጭቆ ውሃ ካለ ክፍሉ ሁሉ ይሠራል። ለዚህ ሥራ ከምትቀመጡ ልጆች አንድ ነገር እለምናለሁ። ፊደላችንን በላቲን ፊደል ሕግ አታስጊጡት።

ዛሬ አብዛኞቻችሁ የእጅ ጽሕፈት ጥበብ የምትማሩት ከስልክ ቪዲዮ ነው። ደስ ይለኛል፤ እጅ ይፍታታል። ግን ብዙዎቹ ቪዲዮዎች የሚያሳዩት የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። እዚያ የፊደሉን ጭራ ብታስረዝሙትም፣ ብትጠመዝዙትም ቃሉ ያው ነው። የእኛ ግን ድምፁ በአብዛኛው ያለው እግሩ ላይ ነው። እስቲ "አበበ" ብላችሁ ጻፉ። የመጨረሻዋን ፊደል ቀኝ እግር ለውበት ብላችሁ ወደ ታች ሳብ አድርጉት። "አበባ" ሆነ። ግራውን ብትስቡት "አበቦ" ይሆናል። ቀኝ እግሩን ከታች ትንሽ ወደ ውጭ ብታጥፉት ደግሞ "አበቢ"። ሰው በስሙ ሊጠራ መጥቶ ሌላ ሆኖ ይመለሳል ማለት ነው። ይህን እንደ ቀላል ነገር አትዩት። የሚያምር ግን በትክክል የማይነበብ ጽሑፍ ለእኔ ያልተጨረሰ ሥራ ነው።

ታዲያ ጌጡ የት ይግባ? መልሱ ብራናዎቻችን ላይ አለ። የጥንት ጸሐፊ ብራናውን በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ ቀዳዳ ያለ ቀለም መስመር ያሰምራል፤ ከዚያ በመቃ ብዕር ቁም ጽሕፈቱን ይጽፋል። ጽሑፉ በጥቁር፣ ርእሱና ቅዱሳን ስሞች በቀይ። ጌጡን ግን ወደ ገጹ አናትና ዳር ያወጣዋል። ሐረግ የምንለው ያ የተጠላለፈ ባለቀለም ጥልፍልፍ ነው። ፊደሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቀለሙ ዙሪያውን ያጅበዋል። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም መሄድ የምትችሉ ሂዱና እዩ። የክፍል ሥራችሁንም እንዲሁ አስቡት። ሐረጉ የእናንተ የውሃ ቀለም ይሁን።

የፊደሉ የራሱ ውበት ደግሞ ከወፍራምና ከቀጭን ይመጣል። ሸምበቆ ቆርጣችሁ ጫፉን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ በምላጭ ስሉት። ጠፍጣፋ ብሩሽም ይሆናል። ቁልቁል የሚወርደው መስመር ይወፍራል፤ አግድሙ ይቀጥናል። የብዕሩን አያያዝ በየፊደሉ አትቀያይሩ።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። የውሃ ቀለም ችኩል ሰው አይወድም። ስስ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል። 300 ግራም የሚባለውን ወፍራም ወረቀት ካገኛችሁ እሰየው። ካላገኛችሁ ያላችሁን ወረቀት በአራቱም ጠርዝ ጣውላ ላይ በፕላስተር ለጥፉትና ውሃውን ቀንሱ። ከፈዛዛው ቀለም ጀምሩ፤ ወደ ጥቁሩ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ በውሃ ቀለም መልሶ ማፍካት ከባድ ነውና። ነጭ እንዲቀር የምትፈልጉትን ቦታ ሳትነኩ ተዉት። ፊደሉን ራሱን ነጭ ማድረግ ከፈለጋችሁ በነጭ ሻማ ጫን ብላችሁ ጻፉትና ቀለሙን ከላይ አልብሱት። ሰሙ ውሃውን ይገፋዋል፤ ፊደሉ ብቅ ይላል። ትናንሽ ልጆች ይህን ሲያዩ የሚያወጡትን ድምፅ ብትሰሙ! ሻማ በነካው ቦታ ላይ ግን በብዕር እንጽፋለን አትበሉ፤ ቀለም አይይዝም።

በጥቁር ቀለም ለመጻፍ ካሰባችሁ መጀመሪያ በቁራጭ ወረቀት ሞክሩት። ጻፉ፤ ይድረቅ፤ በእርጥብ ብሩሽ ዳብሱት። ጥቁሩ ከፈታና ከተሰራጨ፣ የውሃ ቀለሙን አስቀድሙና በደንብ ሲደርቅ ጻፉበት። ካልፈታ ቅደም ተከተሉ የእናንተ ምርጫ ነው። በተለይ እንደ "ሉ"ና "ሊ" ባሉት ላይ ተጠንቀቁ። ልዩነታቸው አንዲት ትንሽ ጭረት ያለችበት ቦታ ነው። የፈሰሰ ቀለም እሷን ከበላት ድምፁ አብሮ ጠፋ።

በነገራችን ላይ የውሃ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው ከግራር የሚገኝ ሙጫ ነው። ይህ ዛፍ በእኛም ቆላ ይበቅላል። ጥንት ጸሐፊዎቻችንም ጥቁር ቀለማቸው ውስጥ የግራር ሙጫ ይጨምሩ ነበር።

"ታላላቅ ሠዓሊዎች ፊደል ይሰብሩ የለ?" የሚለኝ ተማሪ አይጠፋም። እውነት ነው። ሠዓሊ ወሰኔ ኮስሮፍ ፊደላችንን ሸራ ላይ በአክሪሊክ ቀለም ይሰብሩታል፣ ይዘረጉታል፣ ያስጨፍሩታል። ግን ሠዓሊው አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ በኋላም በአሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ። ፊደሉን እያወቁት ነው የሚሰብሩት፤ ዓላማቸውም ቃል ማስነበብ አይደለም። እናንተ ስም ጽፋችሁ ለሰው ስጦታ ልትሰጡ ከሆነ፣ ስሙ ይነበብ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ፊደል ያለው ቃል ይበቃል። የአያታችሁ ስም ቢሆን ደስ ይለኛል። ሲደርቅ ከነጣውላው ግድግዳ ላይ አስደግፉትና ቃሉን የማያውቅ ልጅ ጠርታችሁ ራቅ ብሎ እንዲያነብ አድርጉ። አትርዱት። ካነበበው ፕላስተሩን አንሱ። ከተደናቀፈ የቆመበትን ፊደል ያዙና እሱን ብቻ በሌላ ወረቀት ደጋግማችሁ ጻፉ።