አሞራ ማን ይቆጥራል?

ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም አንድ መልእክት ደረሰኝ። ላኪው ከተመረቀ ሁለት ዓመት የሆነው የእንስሳት ሐኪም ነው። ቆላ ተመድቦ ይሠራል። ከሥራ ሲወጣ ንስር፣ ጭልፊት፣ ጥንብ አንሳ እያየ በስልኩ ይመዘግባል። መንገድ ዳር 7 የሞቱ ጥንብ አንሳዎች አግኝቶ ፎቶ ልኮልኛል። አጠገባቸው ግማሹ የተበላ አህያ ይታያል። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ጋሼ፣ የሞተም ይመዘገባል እንዴ? ወይስ በሕይወት ያለው ብቻ ነው?»

ጥያቄው አጭር መልስ አለው። ኢበርድ የሚባለው የወፍ መመዝገቢያ መተግበሪያ በሕይወት ላለ ወፍ ነው። የሞተ ካገኛችሁ አይናቹራሊስት የሚባለው ሌላ መተግበሪያ ላይ ፎቶውን ከነቦታውና ከነቀኑ አስገቡና «የሞተ» የሚለውን ምረጡ። አለቀ። እኔ ግን ይህችን ለመመለስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ስልኩን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው በ1976 ነው፤ ወይም በ1977። ዓመቱን በእርግጠኝነት አለማስታወሴን ያዙልኝ። ከደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ትምህርቴን ጨርሼ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ወዳለች አንዲት የደጋ ከተማ ተመደብኩ። ክሊኒኩ አንድ ክፍል ነው። በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ፣ አንድ ጠረጴዛና አንዲት በቅሎ አለው። በቅሎዋ ኃላፊያችንን ብቻ ነበር የምትነክሰው፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሥራችን የከብት በሽታ መከላከል ነው፦ የደስታ በሽታ ክትባት፣ አባ ሰንጋ፣ ጎርባ። ገበሬው ከብቱን እየነዳ ገና ሳይነጋ ይሰለፋል። ደስታ በሽታን እናንተ የምታውቁት በመጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ጠፋ ተብሎ ሲታወጅ ማንም ሳያየኝ አልቅሻለሁ። ብቻ ከጉዳዬ ወጣሁ።

በዚያ ሰሞን አንድ ያበደ ውሻ ከተማ ገብቶ ሦስት ልጆችና አንዲት ጠላ ሻጭ ነከሰ። አዲስ አበባ፣ የእብድ ውሻ መርፌ ወደሚሰጥበት ፓስተር ተላኩ። ያኔ መርፌው ሆድ ላይ ነው የሚወጋው፣ 14 ቀን በተከታታይ። አንደኛው ልጅ አልተመለሰም። ከተማው ተሸበረ። ስብሰባ ተጠራና ባለቤት የሌለው ውሻ ሁሉ ይወገድ ተባለ። «ውሻ ያለህ እሰር!» ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ።

መርዙ ስትሪክኒን ነበር። በትንሽ ጠርሙስ መጣልን። ቅበላ ስለነበር ሥጋ ቤቶቹ ሳንባና ጨጓራ በነጻ ሰጡን። እኔና አንድ ዘበኛ ማታ ቆራርጠን፣ መርዙን ነስንሰን፣ በየጥጋጥጉ ጣልን። ሲነጋ 31 ውሻ ሞቶ አገኘን። ይህን ቁጥር አልረሳሁትም፤ ጽፌዋለሁና።

ሬሳውን በጋሪ ጭነን ከከተማው ጀርባ ገደል አፍ ላይ ደፋነው። መቅበር ነበረብን። ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፣ ጥሩ ማርክም አምጥቼበታለሁ። ግን አካፋ የሚይዝ ሰው አልተገኘም። እኔም ሌሊቱን አልተኛሁም። «ነገ እንቀብረዋለን» አልኩ።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ የመጀመሪያው ጥንብ አንሳ ወረደ። ጥንብ አንሳ ጥንቡን ብቻ ሳይሆን ጓደኛውንም ነው የሚጠብቀው። አንዱ ቁልቁል ሲል ሩቅ ያለው ያየዋል፣ እሱን ደግሞ ሌላው። ቀትር ሳይደርስ ሰማይ ላይ የቀረ አልነበረም። ሲበሉ ከሆድ ይጀምራሉ፤ ቆዳው እዚያ ጋ ስስ ነው። መርዙም ያለው እዚያው፣ ጨጓራ ውስጥ ነው።

እኔ ቤቴ ሄጄ ምሳ በላሁ። ቅበላ አይደል?

9 ሰዓት ላይ አንድ እረኛ ልጅ እየሮጠ መጣ። «ሐኪሙ፣ አሞሮቹ ሰክረዋል» አለኝ።

ሄድኩ። ገደሉ አፍ ላይ እንደ ተሰበረ ጃንጥላ ክንፋቸው ተንጋዶ ተበትነዋል። አንዱ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ትልቁ ዓይነት ነው፣ የላባው ጫፍ ሁሉ በነጭ የተጠለፈ የሚመስለው፤ ፈረንጆቹ የሩፔል የሚሉት። ዓይኑ ቢጫ ነው። እግሩ እንደ እንጨት ደርቋል፣ አንገቱ ወደ ኋላ ተቆልምሟል። ግን በሕይወት አለ። እረኛው አንዴ ሲያስል ወፉ ሙሉ ሰውነቱ ተንፈራገጠ። ስትሪክኒን እንዲህ ነው፤ ድምፅ ሲሰማ፣ ሰው ሲነካው ይብስበታል። ልጁን «ዝም በል» አልኩት። ሁለታችንም ዝም አልን። ከፊታችን ያለው አንዱ ሊነሳ ሞከረ። ሁለት ጊዜ ክንፉን መታና ገደሉ ውስጥ ገባ። የወደቀበት ድምፅ እስኪሰማ ቆየ።

ቆጠርኳቸው። ደብተር ስላልያዝኩ ቁጥሩን በእስክሪብቶ መዳፌ ላይ ጻፍኩት።

ማታ ሪፖርት ሞላሁ። ፎርሙ በካርቦን ሦስት ኮፒ ነው። «የተወገዱ ውሾች ብዛት» የሚል ዓምድ አለው። የአሞራ ዓምድ የለውም። ኃላፊዬን «ከታች በማስታወሻ ላስገባው ወይ?» አልኩት። ሳቀ። «አሞራ ማን ይቆጥራል? ይልቅ ፊርማህን አሳምር» አለኝ። አሳመርኩ። ከዚያ እራት ቀረበ። የቤቱ ልጅ የእጅ ውሃ አፈሰሰችልኝ፣ በሳሙና ፈትጌ ታጠብኩ። መዳፌን ያየሁት እንጀራ ስቆርስ ነው።

14 ነው ወይስ 19? እስከ ዛሬ አላውቅም።

ኃላፊዬን አልወቅሰውም። ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ያንን ልጅ ይዞ ፓስተር የሄደው እሱ ራሱ ነው። ውሻ በመርዝ መፍጀትን ዛሬ እቃወማለሁ፤ የእብድ ውሻ በሽታን የሚያቆመው ክትባት ነው። ግን ወደዚያ ሳምንት ብትመልሱኝና የልጁን እናት እንደገና ብታሳዩኝ፣ መርዙን አልነካም ብዬ አልምልም። አለመቅበሬንና አለመጻፌን ግን በምንም አላስተባብልም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት እዚያው ሠራሁ። ከብት የሚታረድበት ቦታ አጠገብ አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር። እዚያ የሚያድሩት ጥንብ አንሳዎች የቀነሱ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው። «መሰለኝ» ብሎ ለማን አቤት ይባላል? ትልልቆቹ ጥንብ አንሳዎች በዓመት ቢበዛ አንድ እንቁላል ነው የሚጥሉት። ጫጩቷ አድጋ የራሷን እስክትፈለፍል ደግሞ አምስት ስድስት ዓመት ይሄዳል። በ14 እና በ19 መካከል ያለውን እናንተው አስሉት።

ሕንድ ውስጥ የሆነውን ሳትሰሙ አትቀሩም። ቪቡ ፕራካሽ የሚባል ተመራማሪ ራጃስታን ውስጥ ኬኦላዴኦ ፓርክ የጥንብ አንሳ ጎጆ ይቆጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቆጠረ። በ1990ዎቹ ተመልሶ እዚያው ሲቆጥር ጎጆው ባዶ ሆነበት፤ ወፎቹም ሞተው አገኛቸው። «ድሮ ብዙ ነበሩ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ማን ይሰማው ነበር? በእጁ የቀድሞው ቁጥር ነበረ። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታወቀ፦ ዳይክሎፌናክ። እኛ ለወገባችን የምንወጋው ያው መድኃኒት ነው። ለከብት ይሰጣል፣ ከብቱ ይሞታል፣ ሬሳውን የበላው ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ይወድማል። በ2006 ሕንድ ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለች። እስከዚያ አንዱ ዓይነት ከ100 ውስጥ 99ኙ አልቆ ነበር። የእንስሳት ሐኪም የሆናችሁ፣ ጥንብ አንሳን የማይጎዳው ሜሎክሲካም እያለ ዳይክሎፌናክ በሬ ላይ አትውጉ። ይህን ደግሜ አልጽፍም።

ወደ ስልካችሁ ልመለስ።

እውነቱን ለመናገር የዛሬ ወጣት ያናድደኛል። ንስር አይቶ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ዘፈን ይጨምርበታል፣ ቲክቶክ ላይ ይለቀዋል። የት ነው? መቼ ነው? የለም። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ስልክ ቢኖረን ኖሮ ልል አሰብኩና ተውኩት። እስክሪብቶም ወረቀትም ነበረኝ እኮ። ደግሞም ወፍ በመለየት ትበልጡኛላችሁ። ጫጩት የሚሰርቀውን ጭላት 30 ዓመት ሙሉ «ንስር» ስል ኖሬ ያረመችኝ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ጅራቱን እየው ጋሼ፣ መሃሉ የተሰነጠቀ ነው» አለችኝ። አፈርኩ፤ ግን ደስ አለኝ።

ስለዚህ ባትሪ ሙሉ፣ መነጽር ያዙ ምናምን እያልኩ አላሰለቻችሁም። ሰው የሚሳሳትበትን ብቻ ልበል። ዓይነቱን ካልለያችሁ አትገምቱ፤ ግን አትዝለሉትም። ኢበርድ ላይ «ዓይነቱ ያልተለየ ጥንብ አንሳ» ብሎ መመዝገብ ይቻላል። እኔ ከማልተማመንበት ደማቅ መልስ ይልቅ ይህን እወዳለሁ። ቁጥር ሲጠይቃችሁ ደግሞ ኤክስ አድርጋችሁ አትለፉ። ኤክስ ማለት «አይቻለሁ፣ አልቆጠርኩም» ነው። ሃያ ሲሆኑ ሃያ በሉ፤ ካልቻላችሁ ግምታችሁን ጻፉና ግምት መሆኑን ተናገሩ። ኔትወርክ የለም የሚለው ሰበብ አይሠራም። ስልኩ ቦታውን የሚይዘው ከሳተላይት ነው፤ መዝገቡ ስልካችሁ ላይ ይቆይና ከተማ ስትገቡ ይላካል። እቤት ስገባ እሞላዋለሁ የሚል ካለ ግን እጁን ሳይታጠብ ይሙላ።

የሞተ ወፍ በባዶ እጅ አትንኩ። መርዝ ሊሆን ይችላል። አጠገቡ ያለው ከብት በአባ ሰንጋ የሞተ ሊሆንም ይችላል። እግሩን ግን በደንብ እዩ፤ ተመራማሪዎች የሚያስሩት ባለ ቁጥር ቀለበት ካለው ቁጥሩ እንዲነበብ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ፊቱ ቢጫ፣ አካሉ ነጭ የሆነው ትንሹ ጥንብ አንሳ ከቡልጋሪያ ድረስ በርሮ አፋራችን ውስጥ ይሰነብታል። ቡልጋሪያ ውስጥ ጎጆው ሥር ቆሞ የሚጠብቀው ሰው አለ። በሕይወት ያለ ጎጆ ካገኛችሁ ደግሞ ቦታውን ፌስቡክ ላይ አትዘርግፉ። እንቁላልና ጫጩት የሚፈልግ ሰው እናንተን ሳይከተል አይቀርም።

ጥያቄው በመጣ ማግስት እኔም አንድ ነገር ሞከርኩ። የልጅ ልጄ አይናቹራሊስትን ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። የድሮውን የእኔን ላስገባ ብዬ ነው። ካርታው ላይ ከተማዋን አገኘናት። ገደሉንም አገኘነው፤ አሁን አጠገቡ ድረስ ቤት ተሠርቷል። «ቀኑ መቼ ነበር አባባ?» አለችኝ። «ቅበላ» አልኳት። «ዓመቱስ?» ዝም አልኩ። «እሺ፣ ስንት ነበሩ?»

«ዝጊው» አልኳት።

ማታ ለዚያ ወጣት መልስ ጻፍኩለት። አዎ ይመዘገባል፣ እንዲህ አድርገህ፣ እዚህ ላይ። ከመላኬ በፊት ፎቶውን በሁለት ጣቴ አስፍቼ እንደገና አየሁት። እሱ 7 ብሏል። እኔ ስቆጥር ከግራር ቁጥቋጦው ሥር ትንሽ የላባ ጫፍ ብቅ ብላ ታየችኝ። ድንጋይም ልትሆን ትችላለች፤ ዓይኔ ደክሟል። «ቁጥቋጦው ሥር ያለው ምንድን ነው?» ብዬ ጨመርኩበት።

በነጋታው ሞተር ተውሶ 20 ኪሎ ሜትር ተመልሶ ሄደ። ከሰዓት በኋላ አንድ ፎቶ ላከልኝ፣ ከሥሩም አንድ ቁጥር ብቻ።

8።