ሶማሊያ በ1969 ዓ.ም. በምን ተማምና ደፈረችን?

ጥያቄ፦ ወደ ሥራ ስሄድም ስመለስም በቸርችል ጎዳና፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ባለው የትግላችን ሐውልት ሥር አልፋለሁ። በሕዝብ ብዛትም በቆዳ ስፋትም ከእኛ እጅግ የምታንሰው ሶማሊያ በ1969 ዓ.ም. ጦር የሰበቀችብን በምን ተማምና ነው? ጎረቤት እንዳይደፍረን መሣሪያ ማከማቸቱ አይበቃንም ወይ? (የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የኃይል ሚዛን የሚባለው ነገር በሕዝብ ቁጥር ብቻ ቢለካ ኖሮ ያ ጦርነት ባልተነሣ ነበር። ጎረቤት የሚመዝነው ዛሬ ጦር ሜዳ ሊሰለፍ የሚችለውን ኃይል፣ የሚያዝዘውን መንግሥት ጥንካሬና ከጀርባ የቆመውን ወዳጅ ነው። በእነዚህ በሦስቱም ሶማሊያ በዚያ ዓመት ትበልጠን ነበር። ከሶቪየት ኅብረት ጋር በ1966 ዓ.ም. የወዳጅነት ውል ተፈራርማ ሠራዊቷን ስታደራጅ ስለቆየች በታንክ ብዛት ቀድማናለች፤ እኛ ግን ንጉሡ ከወረዱ ወዲህ በኤርትራ ጦርነት ተይዘን፣ በዚሁ በአዲስ አበባ አደባባዮች ደግሞ ወንድም ወንድሙን እየገደለ ነበር። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ጠላት መግቢያውን ያየው እኛው በከፈትነው ቀዳዳ ነውና።

ይሁን እንጂ ብልጫው ብቻ ሐምሌ 1969 ለምን እንደተመረጠ አያስረዳም። ነገሩን የሚፈታው ብልጫው ሊያልፍ መሆኑ ነው። አሜሪካ በየካቲት 1969 ለኢትዮጵያ የምትሰጠውን ወታደራዊ ርዳታ ቀነሰች፣ ደርግም በሚያዝያ አሥመራ የነበረውን የአሜሪካ የመገናኛ ጣቢያ፣ ቃኘው ሻለቃን፣ ዘጋ፤ በዚያው ወር መጨረሻ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ሞስኮ ተጉዘው የሶቪየትን ወዳጅነት አጸኑ። የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ ይህን ሁሉ ሲያዩ፣ የሶቪየት መሣሪያ ኢትዮጵያ ገብቶ ሠራዊቷ ከተደራጀ ዕድሉ ዳግመኛ እንደማይገኝ ገምተው ፈጠኑ ማለት ይቻላል። ጎረቤታሞች ብዙ ጊዜ የሚዋጉት አንደኛው እጅግ ሲበልጥ ሳይሆን ብልጫው ከእጁ ሊወጣ መሆኑን ሲያውቅ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ያውቁታል። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ተያዘች፤ በኅዳር ሶማሊያ የሶቪየት አማካሪዎችን አባርራ ውሉን ቀደደች፤ ሶቪየቶች መሣሪያ በአየር አጓጓዙልን፣ ከ10 ሺህ የሚበልጡ የኩባ ወታደሮችም ከታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ከወጡት ሚሊሻዎችና ከመደበኛው ጦር ጎን ተሰለፉ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመለሰች። እርስዎ በየዕለቱ ቀና ብለው የሚያዩት፣ ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ ያለው ሐውልት ከኢትዮጵያውያኑ ጋር የእነዚያን የኩባ ወታደሮች መሥዋዕትነት የሚዘክር ሲሆን፣ ሐውልቱን ያበረከተችው ሰሜን ኮሪያ ናት። የወደቁትን ሁሉ አከብራለሁ። ነገር ግን የሰው ወርቅ አያደምቅ እንደሚባለው፣ ሶማሊያ በሶቪየት መሣሪያ ተነሥታ በዚያው በሶቪየት መሣሪያ መመለሷ፣ በውሰት ኃይል የቆመ ሚዛን ባለቤቱ በፈለገበት ቀን እንደሚያዘነብል ያሳያል።

ኬንያንም መርሳት አይገባም። ከደርግ ጋር በርዕዮተ ዓለም የሚያገናኛት አልነበረም፤ ሆኖም የሶማሊያ ባንዲራ ላይ ካሉት፣ ሶማሌዎች የሚኖሩባቸውን ግዛቶች ከሚወክሉት አምስት የኮከብ ጫፎች አንዱ የእርሷን ሰሜን ምሥራቅ ግዛት የሚያመለክት ስለነበር ከኢትዮጵያ ጎን ቆመች። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1956 ዓ.ም. በካይሮ፣ አገሮች በነጻነት ጊዜ የነበራቸው ድንበር እንዲከበር መወሰኑም ሶማሊያን ከአህጉሩ ድጋፍ አራቃት። ይህ ወዳጅነትና ይህ ሕግ በታንክ አይቆጠሩም፤ በእኔ ግምት ግን ከብዙ ታንክ ይከብዳሉ።

ስለ መሣሪያ ክምችት ላነሡት ጥያቄ ደግሞ መልሱን ጅጅጋ አጠገብ ካራማራ ላይ ከተገኘው ከዚያ ድል በኋላ ያለው ዘመን ይሰጠናል። ሁለቱም መንግሥታት አሥር ዓመት ሙሉ ድንበር ላይ ጦር አስፍረው፣ አንዱ የሌላውን አማፂ እያስታጠቀ ኖሩ። በመጋቢት 1980፣ ደርግ ኤርትራ ውስጥ አፍአበት ላይ በአማፂያን በተመታበት በዚያው ወር፣ ጦራቸውን ከድንበር ለማራቅና አማፂ መርዳት ለማቆም ተስማሙ፤ ደርግም ወታደሮቹን ወደ ሰሜን አዞረ። ጊዜው ግን አልፎ ነበር። ዚያድ ባሬ በጥር 1983፣ መንግሥቱም በግንቦት 1983 ከሥልጣን ወረዱ፤ ሁለቱንም የጣላቸው ለዓመታት ሲጠብቁት የኖሩት የጎረቤት ጦር አልነበረም፤ የገዛ አገራቸው ሰዎች ናቸው።