ቃጫው ሲዳሰስ ደረቅ ነው ብለሽ እንዳትሸወጂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «በቃጫና በፖሊስተር ሬዚን (ፈስሶ በሚጠነክረው ሙጫ) የሠራሁት ፓነል ሲሰበር ቃጫው ተመዝዞ ይወጣል፣ እንዴት ላያይዘው?» ብለሻል። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ይህንኑ ስሠራ አንድ ክረምት ሙሉ ከስሬበታለሁ። ያንቺም ችግር የኔው እንደሆነ አልጠራጠርም።

መጀመሪያ ስብራቱን ወደ ብርሃን ይዘሽ እዪው። ቃጫው ረዘም ብሎ ከወጣና ላዩ ላይ የሬዚን ፍርፋሪ ከሌለው አልተያያዙም ማለት ነው። ቢያያዙ ኖሮ እዚያው ስብራቱ አጠገብ ይበጠስ ነበር።

1. ቃጫውን መንከሪያ ኮስቲክ ሶዳ 5 በመቶ ይበቃል። በ1 ሊትር 50 ግራም ማለት ነው። ሶዳውን ውሃው ላይ ጨምሪ እንጂ ውሃውን ሶዳው ላይ እንዳታፈሺ። ጓንትና መነጽር አድርጊ። የአሉሚኒየም ድስት ይበላብሻል፣ የፕላስቲክ ባልዲ ያዢ። እኔ ቃጫውን 3 ሰዓት እነክረዋለሁ። ሶዳው ሰሙን ያነሳለታል፣ ላዩ ይሻክራል፣ ሬዚኑም የሚይዝበት ያገኛል። ይጠንክር ብለሽ ሶዳውን ካበዛሽው ግን ቃጫው ራሱ ይደክማል።

2. እጠቢው፣ ደግመሽ እጠቢው። መጨረሻ ውሃው ላይ ትንሽ አቼቶ ጠብ አድርጊ፣ የፒኤች ወረቀቱ (ሶዳው መውጣቱን የምታዪበት መለኪያ) 7 እስኪያሳይ።

3. ማድረቅ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ኦቨን ያለው አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ደብዳቤ አምጣ አሉኝ፣ አመጣሁ። ማህተሙ አይነበብም አሉኝ፣ ደግሜ አመጣሁ። አርብ ቀን በ80 ዲግሪ ደረቀልኝ፣ እያንዳንዱን እስር 500 ግራም አድርጌ መዘንኩ። ልክ 11 ሰዓት ሲሆን ኃላፊው መጣ። «ገና ትኩስ ነው፣ ልውሰደው» ስለው «ሰዓት አልቋል፣ ሰኞ ና» ብሎ ቆለፈብኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ወሩ ሐምሌ ነው። ከ2,700 ሜትር በላይ ያለች ከተማ፣ ጭጋጉ በር ስር የሚገባበት ወቅት። ቃጫዬ ሦስት ሌሊት በኬሻ አደረ።

ሰኞ ስዳስሰው ደረቅ ነው። አልመዘንኩትም። ጥፋቴ ይቺ ናት። 12 ፓነል አፈሰስኩ፣ አስራ ሁለቱም ተበላሹ። አንዱን ሰብሬ ሳየው ቃጫው ዙሪያውን ነጭ ነጭ አረፋ ይዟል። ሬዚን ያልነካው አንድ እስር ተርፎኝ ነበርና ብመዝነው 540 ግራም ሆኗል። 40 ግራም ውሃ! ቃጫ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፣ ፖሊስተር ደግሞ ውሃ ባለበት አይጣበቅም። ሬዚኑ ሲጠነክር ይሞቃል፣ ያ ውሃ እንፋሎት ሆኖ መሃላቸው ይገባል።

ከዚያ ወዲህ የማንንም በር አላንኳኳሁም። ከቆርቆሮና ከኤሌክትሪክ ምድጃ የራሴን ማድረቂያ ሠራሁ። በየግማሽ ሰዓቱ እመዝናለሁ። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም በወፍራም ላስቲክ አስሬ በዚያው ቀን አፈሳለሁ። ቤቱንም አስቀድሜ አሞቃለሁ፣ ምክንያቱም በብርድ ሬዚኑ በደንብ አይጠነክርም። ብርድ ነው ብለሽ ሃርድነር (ሬዚኑን የሚያጠነክረውን ኬሚካል) አታብዢ፣ የሬዚኑን ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። በዚህ መንገድ መጀመሪያ የሠራሁት ፓነል ዛሬም የጓዳችን በር ነው።

ሳይሌን (ክርና ሬዚንን የሚያያይዝ ኬሚካል) ግዢ የሚሉሽም አሉ። ጥሩ ነገር ነው፣ የመስታወት ክር ላይ የታወቀ ነው፣ ቃጫ ላይም ይሠራል። ግን ውድ ነው፣ እርጥብ ቃጫ ላይ ገንዘብሽን አታፍሺ።

የሰው ኦቨን የምትጠቀሚ ከሆነ ሚዛንሽን ይዘሽ ሂጂ። ሲያስረክቡሽ እዚያው ፊታቸው መዝኚው።