የብሪታንያ አዲሱ የሄቪ ሜታል ማዕበል ለምን ቶሎ ከሰመ? (መልስ)

«እ.ኤ.አ. በ1979 የተነሳው ማዕበል በ1984 የት ገባ?» ብለህ ስለ ብሪታንያ የሄቪ ሜታል (ከባድና ጯሂ የሮክ ሙዚቃ) ባንዶች እንቅስቃሴ ለጠየቅከው፦ አሜሪካ ወሰደችው። የብሪታንያው ባንድ ዴፍ ሌፓርድ በ1983 ድምፁን ለሬዲዮና ለአሜሪካው የሙዚቃ ቪዲዮ ጣቢያ ኤምቲቪ አለስልሶ በሚሊዮኖች ሸጠ። የአሜሪካዎቹ እነ ሜታሊካ ደግሞ ከእንግሊዞቹ የተማሩትን አፍጥነውና አክብደው መጡ። ሌላው የብሪታንያ ባንድ አይረን ሜይደን መንገዱን ሳይለቅ ገነነ፤ በትንንሽ አሳታሚዎች ጥቂት ሸክላ ያወጡት ግን መሃል ላይ ቀሩ።

መሃል ላይ ከቀሩት ባንዶች ዳይመንድ ሄድን ስማ። የመጀመሪያ አልበሙ በ1980 የወጣው ርዕስ እንኳ በሌለው ነጭ ሽፋን ነው። ሜታሊካ በ1984 የዳይመንድ ሄድን አንድ ዘፈን በራሱ ቀርጾ ስለተጫወተው ዛሬ ብዙ ሰው የሜታሊካ ይመስለዋል (ያናድዳል!)።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ የእነዚህን ባንዶች የድሮ ዘፈኖች የያዘ ስብስብ አልበም ከመግዛትህ በፊት የተቀረጸበትን ዓመት እይ። እኔ የገዛሁት ከዓመታት በኋላ እንደገና የተቀረጸ ሆኖ አገኘሁት፤ ከበሮው እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይንኳኳል።